ተንሳፋፊ ደሴት ይሠራል፤ የባሕር በር ግን አይሆንም

ጥያቄው ከድሬዳዋ የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ኢንጂነር፣ የድሬ ልጅ ስለሆንክ በአንተ ልጻፍልህ። ሥራዬ ትራንዚተር ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ስጠብቅ ነው የምውለው። ሰሞኑን ባሕር ላይ ስለሚንሳፈፉ ከተሞች ብዙ አነበብኩ። ዱባይ ሠርታለች፣ ጃፓንም አውሮፕላን ማረፊያ ሠርታለች ይባላል። እኛ ዓባይን የገደብን ሰዎች ነን፤ ሲሚንቶም እዚሁ ደጃችን ይመረታል። ታዲያ ቀይ ባሕር ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ ደሴት ሠርተን የራሳችን ወደብ ብናደርገው ምን ይከለክለናል? ሌላው፣ አንድ ጓደኛዬ ገና ያልተሠራ ተንሳፋፊ ከተማ ላይ ቦታ በኦንላይን ሊገዛ ነው። እኔም ትንሽ የቆጠብኳት አለች። ልግባበት? በመጨረሻ፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጄ ለሳይንስ ትርኢት በሃይላንድ ጠርሙስ ደሴት ልትሠራ አስባለች። ከምን ትጀምር?»

መንሳፈፉ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ሳይሰበር መቆየቱ፣ ውሃ አለማስገባቱ፣ ከቦታው አለመሄዱና ከየብስ ጋር መገናኘቱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉ አለ። አንተ የጠየቅከውን ደሴት ያለጥርጥር የሚጥለው ሕጉ ነው፤ እዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። የዱባይዋ ፓልም ጁሜይራ አትንሳፈፍም። ከባሕር ወለል ተመጥጦ የወጣ አሸዋ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ተከምሮ የተሠራች ናት። ወደ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋና ወደ 7 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ወስዳለች። የጃፓኑ ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያም ሙሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲከፈት ዓለም ጉድ ብሎለታል። ግን ከሥሩ ያለው ለስላሳ ጭቃ በክብደቱ እየተጨመቀ፣ ደሴቱ ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ ከ10 ሜትር በላይ ሰምጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መንደርደሪያውን በባሕር ውሃ አጥለቀለቀው።

ሙሌት ጥልቀት ሲጨምር ያልቅለታል። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ለሆነ ቦታ፣ ባሕሩ አንድ ሜትር በጠለቀ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ አፈር ይጨመራል። ሃያ ሜትር ላይ ሃያ ሚሊዮን ነው። የቀይ ባሕር አማካይ ጥልቀት ደግሞ ወደ 500 ሜትር ይጠጋል። ተንሳፋፊ ደሴት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ውሃው የቱንም ያህል ቢጠልቅ ለሚንሳፈፍ ነገር ለውጥ የለውም።

አሁን ያንተን ደሴት በወረቀት ላይ እንሥራው። ስፋቱ አንተ ያልከው ይሁን። ቁመቱን 6 ሜትር እናድርገው። ከላይ ወለል፣ ከታች ወለል፣ በመካከሉ በየ10 ሜትሩ ቁምና አግድም የሚሄድ ግድግዳ። ሁሉም 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ይሁን። ሲደመር ወደ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይመጣል። ከነፌሮው 2.5 ሚሊዮን ቶን በለው። ይህን ባሕር ላይ ብናስቀምጠው የሚሰምጠው 2.4 ሜትር ብቻ ነው። ከ3.5 ሜትር በላይ ከውሃ በላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር ዝቅ እንዲል ከፈለግክ አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ መጫን አለብህ። ድሬ የሚገባው ኮንቴይነር ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢከመርበት ደንታ የለውም።

ስለዚህ «ዓባይን ገድበናል» ያልከው በመጠን ደረጃ ልክ ነው። የህዳሴው ዋና ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ወስዷል። ያንተ ደሴት የዚያን አንድ አሥረኛ ነው የሚፈልገው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ግድቡ አለት ላይ ተቀምጦ በክብደቱ የሚቆም ነው። ደሴቱ ግን ሥሩ ውሃ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። አንድም ቦታ ማፍሰስ የለበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌት ተቀን ይታጠፋል።

ይህ መታጠፍ የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው ሰው የማይታየው እሱ ነው።

6 ሜትር ውፍረትና አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ማለት፣ አንድ ሜትር ርዝመት ካለው 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ጋር እኩል ነው። አናጺ ኮምፔንሳቶ በራሱ ላይ ተሸክሞ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ። ከፊትና ከኋላ ጫፉ በእርምጃው ልክ ይዘላል። ደሴቱም እንዲያ ነው። በሩቅ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ባሕር ላይ ግን እንደ ቆርቆሮ ነው የሚወዛወዘው። በጥልቅ ባሕር ላይ በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ ማዕበል ከአናት እስከ አናት 156 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። በየ15 ሰከንዱ የሚመጣው ከ350 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከደሴቱ ሥር ሁለት ሦስት ወይም ስድስት አናት ይኖራል። አናቱ ላይ ያለው ክፍል ወደ ላይ ይገፋል፤ በሸለቆው ላይ ያለው ይንጠለጠላል። ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይገለበጣል።

አንዴ መታጠፍ አይገድለውም። ሽቦ አንዴ ብታጥፍ አይበጠስም። ደጋግመህ ወዲያና ወዲህ ካልከው ግን ይሞቅና በጠስ ይላል። ብየዳም ፌሮም ይደክማል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ማዕበል በቀን 8,640 ጊዜ ነው። በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ። ደሴቱ 50 ዓመት እንዲኖር ከፈለግክ ከ150 ሚሊዮን በላይ መታጠፍ መቻል አለበት። ስንጥቁ የሚጀምረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ነው፤ ግድግዳ ከወለል በሚገናኝበት፣ ብየዳ በሚያልቅበት።

አንዱን ላሳይህ። ከዓመታት በፊት አንድ ወደብ ላይ የነበረ የብረት ተንሳፋፊ መድረክ ስንመረምር ወደ ሆዱ ገባሁ። ባትሪ ይዤ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ። የታመቀ የባሕር ውሃና የዝገት ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ በጉልበት ከፍታ ነጭ የጨው መስመር ታየኝ። ውሃ እዚያ ድረስ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው። መስመሩን ተከትዬ ጥግ ስደርስ፣ ከብየዳው ጫፍ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። ከሥሯ ቡናማ ዝገት እንደ እንባ ፈሷል። በመዶሻ ነካ ሳደርገው ድምፁ ደፍኖ ቀረ፤ ጤናማ ብረት ያስተጋባል። እዚያ ክፍል ለወራት ማንም አልገባም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መግቢያው ክዳን ላይ ዕቃ ተከምሮበት ነበር። ያ መድረክ የኳስ ሜዳ እንኳ አያህልም። ያንተ ደሴት 10 ሺህ እንደዚያ ያሉ ጓዳዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱን የሚገባበት፣ የሚያንኳኳና የሚመዘግብ ሰው ለ50 ዓመት ደመወዝ ይፈልጋል።

ሙቀቱም አለ። አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አርማታም ብዙ አይርቀውም። የድሬ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ የድሮው ምድር ባቡር ሐዲድ በየመገጣጠሚያው ክፍተት የሚተውለት ለዚህ ነበር። ደሴት ላይ ግን ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ላዩ ሲሳብ ሥሩ እምቢ ይላል። ማዕበል ሳይኖርም ይጎብጣል።

ታዲያ መፍትሔ የለውም ወይ? አለው። ሦስት መንገድ ነው ያለው፤ ሦስቱም ዋጋ አላቸው። አንደኛው ማዕበሉን ማስቀረት ነው፤ በባሕረ ሰላጤ ውስጥ መሥራት ወይም ከፊቱ የማዕበል መከላከያ መገንባት። ሁለተኛው ደሴቱን ቆራርጦ በማጠፊያ ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ጭንቀቱ ሁሉ ማጠፊያው ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው እንደ ነዳጅ ማውጫ መድረኮች በረጃጅም ቋሚዎች ላይ አንስቶ፣ ማዕበሉ ከሥር እንዲያልፍ ማድረግ ነው። አሜሪካኖች በ1990ዎቹ እነዚህን አቀጣጥለው አውሮፕላን የሚያሳርፍ የባሕር ጦር ሠፈር ለመሥራት ብዙ አጥንተዋል። አልሠሩትም።

ጃፓኖች ግን ሞክረዋል፤ የሰማኸው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ሜጋ ፍሎት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 መርከብ ሠሪዎችና ብረት አምራቾች ተባብረው ጀመሩት። በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ዮኮሱካ ላይ ርዝመቱ 1,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ60 እስከ 121 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ የብረት መድረክ አቆሙ። ቁርጥራጩ በየፋብሪካው ተሠርቶ፣ በባሕር ተጎትቶ፣ እዚያው ውሃ ላይ ተበየደ። እ.ኤ.አ. በ2000 ትናንሽ አውሮፕላኖች አረፉበት፣ ተነሱበትም። ሠራ! እኔ ያንን ሙከራ እስከ ዛሬ በአክብሮት ነው የማነሳው። ግን ልብ በል፤ የተሠራው በተከለለ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ከሙከራው በኋላም ፈታተው ከፋፈሉት። ቶኪዮ ለሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አራተኛ መንደርደሪያ ሲያስፈልጋት፣ ተንሳፋፊው አማራጭ ቀርቦ ሳይመረጥ ቀረ። በሙሌትና በብረት ምሰሶ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። ከሜጋ ፍሎት አንዱ ቁራጭ የዓሣ ማጥመጃ መናፈሻ ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ የተበከለ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ።

ዛሬ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፉት ማምረቻዎች ሁሉ ትልቁ ፕሪሉድ የሚባለው የጋዝ ማምረቻ ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ራቅ ብሎ ቆሟል። ርዝመቱ 488 ሜትር፣ ስፋቱ 74 ሜትር ነው። በ16 ግዙፍ ሰንሰለቶች ከባሕር ወለል ጋር ታስሯል። በክፍት ባሕር ላይ የሰው ልጅ የደረሰበት ጫፍ ይህ ነው። ያንተ ደሴት የዚህን 28 እጥፍ ያህል ስፋት ይፈልጋል። ፕሪሉድን ያዋጣው ደግሞ ከሥሩ ያለው ጋዝ ነው፤ ደሴት መሆኑ አይደለም።

ስለ ማሰሪያው ብዙ አልልም። ሰንሰለት፣ መልሕቅ፣ ምሰሶ፣ ሁሉም የታወቀ ሥራ ነው። ጥልቀት ሲጨምር ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ይዝጋል፣ ይቀየራል። ዝገትም እንዲሁ። የባሕር ጨው አርማታ ውስጥ ሰርጎ ፌሮውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ፌሮ ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። መከላከያው ይታወቃል፤ ግን ለዘላለም መክፈልን ይጠይቃል። የጣና ታንኳ ሠሪ ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከውሃ እየወጣ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። በፔሩ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ የኡሮስ ሰዎች ከደንገል በሚመስል ተክል የሠሯቸው ተንሳፋፊ ደሴቶች ላይ እስካሁን ይኖራሉ። ሥሩ ይበሰብሳል፤ እነሱም ሳይሰለቹ ከላይ አዲስ ይጨምራሉ። የተንሳፋፊ ነገር ሕይወቱ ጥገና ነው።

ጥንቃቄ ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ታይቷል። እዚያ በሐይቅ ላይ የተዘረጉ ረጃጅም ተንሳፋፊ የኮንክሪት ድልድዮች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 እድሳት ላይ እያለ ሰመጠ። ለሥራው ተብሎ የተንሳፋፊዎቹ ጓዳዎች ክዳን ክፍት ነበር፤ በእድሳቱ የተጠቀሙበት ውሃም እዚያው ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። ዝናብና ማዕበል ተጨመረበት። አንዱ ሲሰምጥ ጎረቤቱን ይዞ ወረደ። ይህ የሆነው በሐይቅ ላይ፣ በሀብታም አገር ነው። ያው ከተማ ከዚያ በኋላም ተንሳፋፊ ድልድይ መሥራቱን አልተወም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2.3 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አዲስ ከፍቷል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ይቅር የማይል ነው እያልኩህ ነው።

አሁን ወደ ወደብነቱ። አንተ የምትጠብቀውን ኮንቴይነር ከመርከብ የሚያወርደው ክሬን ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ይመዝናል። ደሴቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 40 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የክሬኑ ክንድ 70 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል። ኮንቴይነሩ ግን መኪናው ላይ ካሉት አራት መቆለፊያዎች ጋር በሳንቲ ሜትር መግጠም አለበት። መርከቡ በራሱ ይወዛወዛል፣ ደሴቱ በራሱ። በተረጋጋ ቀን ይሠራል። ማዕበል ባለበት ቀን ሥራ ይቆማል፤ መርከቡ ቆሞ ይከፈልበታል።

ይህም ይታለፍ እንበል። ዕቃው ደሴቱ ላይ ወረደ። ከዚያስ? ድሬ ለመድረስ ባሕር ማቋረጥ አለበት። ከደሴቱ ወደ ትንሽ መርከብ ይጫናል። ትንሹ መርከብ የአንድ አገር ጠረፍ ላይ ያወርዳል። ከዚያ ባቡር ወይም መኪና። አንድ ኮንቴይነር ተነስቶ በወረደ ቁጥር ስንት እንደሚከፈል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ደሴቱ የጎረቤትን ወደብ አያስቀርልህም። ከፊቱ ሌላ ወደብ ይጨምርልሃል።

ሕጉ ጋ ደረስን። ሙያዬ ምህንድስና ነው፤ ግን ባሕር ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ሳያነብ አይነሳም። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው። የባሕር ዳርቻ ያለው አገር 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የግዛት ባሕር አለው። እስከ 200 የባሕር ማይል፣ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደግሞ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና አለው። በአንቀጽ 60 መሠረት በዚህ ቀጣና ውስጥ ሰው ሠራሽ ደሴት የመሥራትና የመፍቀድ መብት የዚያ አገር ብቻ ነው። ያው አንቀጽ ሌላም ነገር ይላል፤ ሰው ሠራሽ ደሴት የደሴት ሕጋዊ አቋም የለውም፣ የራሱ የግዛት ባሕርም አይኖረውም። በዙሪያው ሊኖረው የሚችለው የደኅንነት ክልል ብቻ ነው፤ እሱም በመደበኛው ከ500 ሜትር አይበልጥም።

አሁን ካርታ አውጣ። ቀይ ባሕር በሰፊው ቦታ 355 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትም ብትቆም ከሁለቱም ዳርቻ በ370 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነህ። የኤደን ባሕረ ሰላጤም ሰፋ ይበል እንጂ ከአንዱ ወይም ከሌላው ዳርቻ 370 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነጥብ የለውም። ማንም አገር የማያዝበት ባሕር የሚጀምረው ከየመኗ ሶቆጥራ ደሴት ባሻገር ነው፤ ከጅቡቲ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። እዚያ ስምምነቱ ለሁሉም አገር፣ ባሕር ለሌለውም ጭምር፣ ሰው ሠራሽ ደሴት የመሥራት ነፃነት ይሰጣል። ግን ያ ባሕር በክረምት የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ነፋስ የሚያናውጠው ነው። ሕጉ በሚፈቅድበት ባሕሩ አይፈቅድም፤ ባሕሩ በሚለሰልስበት ደግሞ ባለቤት አለው።

ወደብ የሌለው አገር መብት የለውም ማለት ግን አይደለም። ያው ስምምነት በአንቀጽ 90 ማንኛውም አገር በባንዲራው መርከብ እንዲያንቀሳቅስ ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያን ባንዲራ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች ባሕር ላይ ያሉት ለዚህ ነው። አንቀጽ 125 ደግሞ ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት በኩል የመተላለፍ መብትን ያውቃል፤ ዝርዝሩ በስምምነት ይወሰናል ይላል። ስምምነት የሚለውን ቃል ምንም ኮንክሪት አይተካውም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ባሕር መሃል ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ደሴት ይቅር። ተንሳፋፊ ግንባታ የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው፤ ካለ ወደብ ጋር፣ ከየብስ ጋር ተያይዞ፣ በባለቤቱ አገር ፈቃድና በጋራ ውል። ምሳሌ ልስጥህ። ሞናኮ መሬት አልቆባታል፣ ባሕሯም ጥልቅ ነው። 352 ሜትር የሚረዝም፣ 163 ሺህ ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ተንሳፋፊ ግድብ ስፔን አልጄሲራስ ላይ አሠርታ፣ በባሕር አስጎትታ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከለችው። አንድ ጫፉ 770 ቶን በሚመዝን የብረት ኳስ መጋጠሚያ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ሌላው ጫፍ በሰንሰለት ታስሯል። ማዕበል ይከለክላል፣ መርከብ ያስጠጋል፣ በሆዱ መኪና ያቆማል። ሥራው ውሱን ነው፤ ለዚያ ነው የተሳካው። የእኛ አገር ገንዘብና ጉልበት ባሕር ላይ ይዋል ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ከጎረቤት ጋር በሽርክና ቢውል እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ባቡሩና ደረቅ ወደቡ ይቀድማሉ። ኮንቴይነርህን የሚያዘገየው ውሃው ላይ ያለው ርቀት ብቻ እንዳልሆነ በየቀኑ ታየዋለህ።

መሐንዲስ መሆን የሚፈልጉ የድሬ ወጣቶች ካሉ፣ በሐይቆቻችንና በግድቦቻችን ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ማስጠጊያና የፓምፕ መድረክ ሠርተው ይጀምሩ። ሙያው የሚለመደው እንዲያ ነው።

ወደ ቁጠባህ። ገንዘብ አትላክ። ለጓደኛህም ዛሬውኑ ንገረው። በሥዕል ላይ ያለ ተንሳፋፊ ከተማ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሊሸጥ የሚችል ቦታም የለም። የሚሸጠውን ሰው አራት ነገር ጠይቀው። የየትኛው አገር ባሕር ላይ ነው፣ ፈቃዱስ በጽሑፍ የት አለ? እንደ ሎይድስ ሬጂስተር ወይም ዲኤንቪ ያለ፣ የመርከብን ጥንካሬና ደኅንነት መርምሮ የሚመሰክር የታወቀ ድርጅት ዲዛይኑን መርምሯል ወይ? ማን ኢንሹራንስ ገባለት? ዛሬ ውሃ ላይ ያለ፣ በእጅ የሚነካ አንድ ቁራጭ አለ? አንዱን እንኳ በወረቀት ካላሳየህ ንግግሩን እዚያው አቁም። የመንግሥታት ትዕግሥትም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጣሊያን ጠረፍ አጠገብ 400 ሜትር ካሬ የሆነ መድረክ ሠርተው አገር ነን ያሉ ነበሩ፤ በዓመቱ የጣሊያን ባሕር ኃይል በፈንጂ አፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከታይላንድ ፉኬት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የተተከለች ተንሳፋፊ ቤት በታይላንድ ባሕር ኃይል ተነሥታለች። የግዛት ባሕር ወሰን አልፈናል ብለው ነበር። አልጠቀማቸውም።

ልጅህ የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በደንብ ትሥራው። አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ተዘግቶ ውሃ ውስጥ ቢደፈቅ አንድ ኪሎ ገደማ ያነሳል። 30 ቶን የሚመዝን አንድ ኮንቴይነር ለመሸከም 30 ሺህ ጠርሙስ ማለት ነው። ይህን በካርቶን ላይ ትጻፈው። ከዚያ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልታ ሁለት ደሴት ትሥራ። አንደኛው አንድ ወጥ፣ ረጅምና ስስ ፎም ይሁን። ሁለተኛው ያንኑ ፎም አምስት ቦታ ቆርጣ በክር ያሰረችው። በሁለቱም ላይ እኩል ሳንቲም ትደርድር። ከዚያ በእጇ መዳፍ ማዕበል ትፍጠር፤ መጀመሪያ አጭር አጭሩን፣ ቀጥሎ ረጅሙን። አንድ ወጡ ፎም የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ የታሰረው ክሩ የት እንደሚላላ በእርሳስ ምልክት ታድርግ። በመጨረሻ ሦስት ጠርሙስ አንድ ላይ አስራ የመካከለኛውን ክዳን ትክፈትና ማዕበሉን ትድገመው። ስንት ማዕበል እንደፈጀ ትቁጠር። ቁጥሩን ላኪልኝ በላት።